ኬኖ ስለሚባለው የዕጣ ጨዋታ፤ ቃሉ፥ ሥርዓቱና ሒሳቡ

የአንድን ነገር ስምና ጠባይ ሳይመረምሩ ነገሩን መቀበል፥ ያልታወቀ መንገደኛን አስገብቶ የቤቱን ቁልፍ እንደ መስጠት ያለ ነው። እንግዳን መቀበል የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ዳሩ ግን አባቶቻችን የእንግዳውን እግር አጥበው፥ እህል ውሃ አቅርበው ካበቁ በኋላ «ከወዴት መጣህ? ወዴትስ ትሄዳለህ?» ብለው ሳይጠይቁ አያሳድሩም ነበር። ባሁኑ ጊዜ በከተሞቻችን እንግዳ ሆኖ የገባ፥ ነገር ግን ከወዴት እንደ መጣና ምን ይዞ እንደሚሄድ ብዙ ሰው ያልጠየቀው አንድ ጨዋታ አለ፤ ስሙም ኬኖ ይባላል። ስለ ጨዋታው ቃላት፥ ስለ ሥርዓቱና ስለ ሒሳቡ ከዚህ ቀጥሎ ለአንባብያን እንገልጣለን።

እንግዳ ነገር ወደ አገር የሚገባበት በር በየዘመኑ ይለያያል። በቀድሞ ዘመን በሩ የባሕር ጠረፍና የቅፍለት መንገድ ነበረ፤ ዛሬ ግን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በኲሓ አጠገብ ያለው የመቀሌው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያም ከነዚህ በሮች አንዱ ነው። ስሙን ያገኘው በተምቤን ከተወለዱት፥ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. የኢጣልያን ጦር በዶጋሊ ድል ካደረጉት፥ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋም ከዘመቱት ከራስ አሉላ ነው፤ አባ ነጋ የፈረስ ስማቸው ነው። በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ የቆየው የመንገደኞች በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ሲጀመር፥ ተለያይተው የከረሙ ቤተ ዘመዶች በዚህ ሥፍራ ተቃቅፈው እንዳለቀሱ ብዙ ጋዜጦች ጽፈዋል። በር ሲከፈት የሚገባው ግን ሰው ብቻ አይደለም፤ ዕቃም፥ ገንዘብም፥ ቃልም ይገባል።

በአሜሪካ አገር፥ በኔቫዳ ግዛት፥ ላስ ቬጋስ በምትባለው ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የክላርክ አውራጃ ምክር ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. በዚያ ካለው ሠፈር አንዱን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ እስከ መሰየም ደርሷል። ከነዚህ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በታክሲ ነጂነት፥ በሆቴልና በካዚኖ ሥራ ይተዳደራሉ። ካዚኖ የሚለው ቃል የኢጣልያንኛ ነው፤ ጥንት ትንሽ ቤት ማለት ነበረ፤ ዛሬ ግን በሕግ ፈቃድ ቁማር የሚጫወቱበት ታላቅ ቤት መጠሪያ ሆኗል። ከነዚህ ወገኖቻችን አንዱ ዘመድ ሊጠይቅ በአሉላ አባ ነጋ ማረፊያ ቢወርድ፥ ሊቀበለው ከቆመው ሕዝብ መካከል የእጅ ስልኩን አዘንብሎ 80 ቁጥር የሚመለከት ወጣት ሊያይ ይችላል። በዚያን ጊዜ ነገሩ ሳይገርመው አይቀርም። እርሱ በባዕድ አገር ሌሊት ቆሞ ካዚኖን እያገለገለ ደመወዙን ይቀበላል፤ ከዚያው ደመወዝ ቀንሶ ለታናሽ ወንድሙ ይልካል፤ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ የተላከለትን ገንዘብ ለኬኖ ከሰጠ፥ የታላቁ ላብ ከቁማር ቤት ወጥቶ ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ ቁማር ቤት ተመለሰ ማለት ነው።

በእኛ አገር ኬኖን ለመጫወት ወደ ካዚኖ መግባት አያስፈልግም። የስፖርት ውርርድ በሚደረግባቸው ቤቶችና በእጅ ስልክ ይገኛል፤ ገንዘቡም በስልክ ይከፈላል። የቀድሞ ቁማርተኛ ቢያንስ ከቤቱ ወጥቶ፥ መንገድ ሄዶ፥ ጎረቤት አይቶት ወደ ቁማር ቤት ይገባ ነበር፤ የዛሬው ግን ቁማር ቤቱን በኪሱ ይዞ ይዞራል። በአውሮፕላን ማረፊያ በረራ ሲዘገይ፥ በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ተራ ሲጠበቅ፥ በካፌ ወዳጅ ሲቆይ፥ ሥራ የፈታ ጊዜ ሁሉ ለኬኖ የተመቸ ነው።

ኬኖ የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ «ኪን» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ እርሱም ከላቲን ተወስዶ አምስት አምስት እየሆነ የሚቆጠርን ነገር ያመለክታል። ስሙ የአውሮፓ ይሁን እንጂ ጨዋታው የመጣው ከቻይና ነው። በዚያ «የነጭ ርግብ ቲኬት» ይባል ነበር፤ የዕጣውን ውጤት ከከተማ ወደ ገጠር ርግቦች ያደርሱ ነበር የሚል ትውፊት ስላለ ነው። በቲኬቱ ላይ የነበሩትም ፊደላት እንጂ ቁጥሮች አልነበሩም። በ6ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ዦው ሺንግሲ የተባለ የቻይና ሊቅ፥ በንጉሠ ነገሥት ዉ ትእዛዝ፥ አንድ ሺህ ልዩ ልዩ ፊደላትን አንዱን እንኳ ሳይደግም አስማምቶ አንድ ድርሰት ደረሰ። እኛ ሕፃናትን በፊደል ገበታ፥ በአቡጊዳና በመልእክተ ዮሐንስ እንደምናስጀምር፥ የቻይና ሕፃናትም በዚህ ድርሰት ንባብ ይጀምሩ ነበር። ፊደሎቹ የማይደጋገሙ በመሆናቸውና ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ቅደም ተከተላቸውን በማወቁ ለዕጣ ተመቹ፤ ስለዚህ አጫዋቾች የመጀመሪያዎቹን 80 ፊደላት ወስደው በቁማር ወረቀት ላይ አተሟቸው። ሕፃን ዓይኑን የሚከፍትበት ጽሑፍ የአዋቂ ኪስ መክፈቻ ሆነ ማለት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ለወርቅ ቁፋሮና ለባቡር ሐዲድ ሥራ ወደ አሜሪካ የሄዱት ቻይናውያን ሠራተኞች ጨዋታውን ይዘውት ሄዱ። የኔቫዳ ግዛት በ1931 እ.ኤ.አ. ቁማርን በሕግ ፈቀደ፤ ሎተሪን ግን ከልክሎ ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. ሬኖ በምትባለው ከተማ ፓላስ ክለብ የተባለ ቁማር ቤት ይህን ጨዋታ ሲጀምር፥ የቻይናው ፊደል በቁጥር ተለወጠ፤ ሎተሪ እንዳይባልም ለእያንዳንዱ ቁጥር የፈረስ ስም ተሰጠውና «የፈረስ እሽቅድምድም ኬኖ» ተባለ። በ1951 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት በፈረስ ውርርድ ላይ ግብር ሲጥል፥ አጫዋቾቹ የፈረሶቹን ስም ፈጥነው ሠረዙትና ኬኖ ብቻ ተብሎ ቀረ። ፈረስ በሌለበት ጨዋታ እስከ ዛሬ አንዱን ዙር «ሬስ»፥ ማለት እሽቅድምድም፥ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንረዳለን፤ ጨዋታው ሕግና ግብር በተነሣበት ጊዜ ሁሉ ስሙንና ልብሱን ሲለውጥ ኖሯል እንጂ ጠባዩን ለውጦ አያውቅም።

አሁን ወደ ሥርዓቱ እንግባ። ጨዋታው የሚጻፍበት ወረቀት ቲኬት ይባላል፤ ከ1 እስከ 80 ያሉ ቁጥሮች ዐሥር ዐሥር ሆነው በስምንት ረድፍ ተጽፈውበታል። ተጫዋቹ ከነዚህ ውስጥ የወደደውን ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 10 ቁጥር መምረጥ የተለመደ ነው፤ በአንዳንድ ቤት እስከ 15 ወይም እስከ 20 ድረስ ይፈቀዳል። የተመረጠው እያንዳንዱ ቁጥር «ስፖት» ይባላል፤ ምልክት የተደረገበት ቦታ ማለት ነው። አምስት ቁጥር የመረጠ ሰው ባለ አምስት ስፖት ቲኬት ቆረጠ ይባላል። ምርጫው የሰለቸው ሰው ቁጥሮቹን መሣሪያው እንዲመርጥለት ቢያደርግ «ኲክ ፒክ» ይሉታል፤ ፈጣን ምርጫ ማለት ነው። በጨዋታው የሚያስይዘው ገንዘብ መደብ ይባላል።

በካዚኖ ውስጥ ቲኬቱን ተቀብሎ የሚመዘግበው ሠራተኛ «ራይተር»፥ ማለት ጸሓፊ ነው፤ ተጫዋቾች ካሉበት ወንበር ሳይነሡ ቲኬታቸውን እየሰበሰበ የሚያመላልሰው ደግሞ «ራነር»፥ ማለት ሯጭ ይባላል። ዕጣው ሲወጣ ከ80 ቁጥሮች 20 ይመረጣሉ። ጥንተኛው መሣሪያ «ብሎወር» ይባላል፤ ቁጥር የተጻፈባቸው 80 ቀላል ኳሶች በግልጽ ዕቃ ውስጥ በነፋስ እየተናጡ አንድ በአንድ በቧንቧ ይወጣሉ። በእጅ ስልክ በሚደረገው ጨዋታ ግን ኳስም ነፋስም የለም፤ ቁጥሮቹን የሚመርጠው የኮምፒዩተር ስሌት ነው፤ በስልኩ ላይ ሲንከባለል የሚታየው ኳስ ሥዕል ብቻ ነው።

ተጫዋቹ ከመረጣቸው ቁጥሮች መካከል በዕጣው የወጡለት «ካች»፥ ማለት የተያዙ ይባላሉ። አምስት መርጦ ሦስቱ የወጡለት ሰው ከአምስት ሦስት ያዘ ይባላል። ስንት ለመረጠና ስንት ለያዘ ሰው ምን ያኽል እንደሚከፈል የሚያሳየው ዝርዝር «የክፍያ ሰንጠረዥ» ነው። ከቃላቱ ሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ይህ ሰንጠረዥ ነው፤ ምክንያቱም ዕጣው ከመውጣቱ፥ ቲኬቱም ከመቆረጡ አስቀድሞ የአጫዋቹ ትርፍ ተቆርጦ የተቀመጠው በእርሱ ውስጥ ነው።

ቁጥሮችን በክፍል በክፍል አድርጎ በአንድ ወረቀት ብዙ ጨዋታ መጫወትም አለ፤ ይህም «ዌይ ቲኬት» ይባላል፤ ዌይ መንገድ ማለት ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው ዘጠኝ ቁጥሮች መርጦ በሦስት ክፍል ሦስት ሦስት ቢያደርጋቸው፥ ሦስት ባለ ሦስት ስፖት ጨዋታ ይሆናል፤ ክፍሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሲጣመሩ ሦስት ባለ ስድስት ስፖት ይሆናል፤ ሁሉም ሲጣመሩ አንድ ባለ ዘጠኝ ስፖት ይሆናል፤ በጠቅላላው ሰባት መንገድ ነው። ብቻውን የተከበበና ከሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ጋር የሚጣመር አንድ ቁጥር ደግሞ «ኪንግ»፥ ማለት ንጉሥ ይባላል። መንገዱ ሲበዛ ለተጫዋቹ ዕድሉ የሰፋ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ መንገድ 10 ብር ቢመድብ በአንዱ ወረቀት 70 ብር አስይዟል፤ የሰፋው የሚከፍለው ገንዘብ ነው እንጂ ከእያንዳንዱ ብር ላይ የሚጎድልበት አላነሰም።

ሒሳቡ እንደሚመስለው አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ቁጥር ብቻ የመረጠ ሰው እንውሰድ። ከ80 ቁጥሮች 20 ስለሚወጡ ቁጥሩ በአማካይ ከአራት ጊዜ አንድ ጊዜ ይወጣለታል። ጨዋታው ያለ አድልዎ ቢሆን ለያዘ ሰው መደቡን አራት እጥፍ አድርጎ መክፈል ይገባ ነበር። በኔቫዳ የተለመደው ሰንጠረዥ ግን ሦስት እጥፍ ብቻ ይከፍላል። እንግዲህ 10 ብር እየመደበ አራት ጊዜ የተጫወተ ሰው 40 ብር ያወጣል፤ በአማካይ 30 ብር ይመለስለታል፤ 10 ብሩ ለቤቱ ይቀራል። ከ100 ብር 25 ብር ማለት ነው። ይህ ለቤቱ የሚቀረው «የቤት ድርሻ» ይባላል። በዚያው ካዚኖ ውስጥ ባለው ሩሌት በሚባለው ጨዋታ፥ ዜሮና ድርብ ዜሮ ባለበት በአሜሪካው ዓይነት፥ የቤቱ ድርሻ ከ100 ከ6 ያነሰ ነው። ኬኖ ከካዚኖ ጨዋታዎች ሁሉ ለቤቱ እጅግ ከሚያተርፉት አንዱ ነው።

የተመረጠው ቁጥር በበዛ መጠን ሁሉንም የመያዝ ተስፋ በፍጥነት ይመነምናል። ሁለት መርጦ ሁለቱንም መያዝ በ17 ጊዜ አንድ ጊዜ ያኽል ነው፤ ሦስት መርጦ ሦስቱንም በ72፤ አምስት መርጦ አምስቱንም በ1,551፤ ዐሥር መርጦ ዐሥሩንም በ8,911,711 ጊዜ አንድ ጊዜ ነው። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ለማስተዋል፥ አንድ ሰው ቀንና ሌሊት ሳይተኛ በየ5 ደቂቃው አንድ ቲኬት ቢቆርጥ፥ ይህን ያኽል ቲኬት ቆርጦ ለመጨረስ 85 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ሃያ መርጦ ሃያውንም መያዝማ በ3,535,316,142,212,174,320 ጊዜ አንድ ጊዜ ነው፤ በምድር ላይ ያለው ወደ 8 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሁሉ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር በየደቂቃው አንድ አንድ ቲኬት ቢቆርጥ፥ ያን ያኽል ቲኬት ለመሙላት ከ800 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሽልማት ከእንዲህ ያለ ዕጣ ጀርባ የተቀመጠ ሲሆን፥ ቤቱ ለመክፈል የማይሠጋው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እኔ ግን ቁጥሮቼ ሲበሩ አያለሁ፤ ለጥቂት ነው የሚያመልጠኝ» ይል ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ሲበሩ ያያል። ዐሥር ቁጥር የመረጠ ሰው ከሁለት ዙር በአንዱ የሚበልጠውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ይይዛል። ይህ የሒሳቡ የዘወትር ልማድ ነው እንጂ የዕድል መቅረብ አይደለም። ለሁለትና ለሦስት ደግሞ የባለ ዐሥሩ ሰንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይከፍልም። ስለዚህ ተጫዋቹ ብርሃኑን እያየ ገንዘቡን ያጣል፤ የበራለትን ቁጥር እንደ ምልክት ቆጥሮም ለሚቀጥለው ዙር ይመድባል።

ሌላው ስሕተት በ«ሙቅ ቁጥር» እና በ«ቀዝቃዛ ቁጥር» ማመን ነው። ብዙ ጊዜ የወጣውን ቁጥር ሙቅ፥ ሳይወጣ የቆየውን ቀዝቃዛ ይሉታል። አንዱ «7 ቁጥር ስምንት ዙር ሙሉ አልወጣምና አሁን ተራው ነው» ብሎ ይመድባል። ነገር ግን ኳስ ትዝታ የለውም፤ የኮምፒዩተር ስሌትም ያለፈውን ዙር አይቆጥርም። አንድ ቁጥር ስምንት ዙር በተከታታይ ሳይወጣ መቆየቱ በዐሥር አንድ ያኽል የሚሆን ነገር ነው፤ ቁጥሮቹም 80 ስለ ሆኑ በማናቸውም ጊዜ በአማካይ ስምንት ቁጥሮች ስምንት ዙር ሙሉ ሳይወጡ የቆዩ ሆነው ይገኛሉ። በሚቀጥለው ዙር የመውጣት ተስፋቸው ግን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከአራት አንድ ነው። በወረቀት ላይ የወጡትን ቁጥሮች እየመዘገበ የሚያድር ወጣት፥ ትጋቱ የተመሰገነ ሆኖ ሳለ፥ በዚያው ትጋት የሒሳብ ትምህርት ቢማርበት ኖሮ ይህን ለራሱ በደረሰበት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ኬኖን የሚያከብደው ፍጥነቱ ነው። አገራችን የዕጣ ሽያጭን ከዚህ በፊት ታውቃለች፤ ብሔራዊ ሎተሪ ከተቋቋመበት ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ ቲኬት ይገዛል። የሎተሪ ቲኬት የገዛ ሰው ዕጣው የሚወጣበትን ቀን እየጠበቀ ወደ ሥራው ይሄዳል። ኬኖ ግን በየጥቂት ደቂቃው ስለሚወጣ ሰውየው ከቦታው አይነሣም። ዕጣው በየ5 ደቂቃው ይወጣል፥ የቤቱም ድርሻ ከ100 25 ነው ብለን እናስብ። በየዙሩ 10 ብር የሚመድብ ሰው በሰዓት 120 ብር ያስይዛል፤ በአማካይም 30 ብር ያጣል። በቀን አራት ሰዓት ቢቀመጥ 120 ብር፥ በ30 ቀን 3,600 ብር ይሆናል። ሲጠይቁት ግን «10 ብር ነው የተጫወትሁ» ይላል፤ አልዋሸም፤ ያልቆጠረው የዙሩን ብዛት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

መቁጠርስ በሌላ ሥራ እንዴት ያለ ኃይል እንዳለው ለማየት የአውሮፕላን ማረፊያውን ሥራ መመልከት ይበቃል። አሉላ አባ ነጋ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፥ አውሮፕላን ከምድር ለመነሣት በቆላ ካለው ማረፊያ ይልቅ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ፀሐይ በበረታች ጊዜም ይብሳል። ስለዚህ አብራሪው ከመነሣቱ አስቀድሞ የመንገደኛውንና የጭነቱን ክብደት፥ የአየሩን ሙቀት፥ የነፋሱን አቅጣጫ፥ የአስፋልቱን ርዝመት ያሰላል፤ ክብደቱ ከመጠን ካለፈም ጭነት ያስቀንሳል እንጂ «ለዛሬ ዕድሌን ልሞክር» አይልም። መንገደኛውም ነፍሱን አደራ ብሎ የሚሳፈረው ስለ እርሱ የተሰላ ሒሳብ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። በኬኖም የሚሰላ ሒሳብ አለ፤ ነገር ግን ስለ ተሳፋሪው ሳይሆን በተሳፋሪው ላይ የተሰላ ነው። ለነፍሱ አስልቶ የሚሄድ ሰው ለገንዘቡ የማያሰላበት ምክንያት አይታየንም።

ዕጣ ራሱ ክፉ ነገር ነው አላልንም። ዕጣ በሕዝባችን ዘንድ አድልዎን ማራቂያ ሆኖ የኖረ ነው። ዕቁብን እንመልከት። ዐሥር ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ በየወሩ 10,000 ብር ይሰበሰባል፤ ዕጣ የወጣለትም ያነሣዋል። በዐሥር ወር ውስጥ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ይደርሳቸዋል፤ 10,000 ብር የጣለ 10,000 ብር ይቀበላል። በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው መቼ እንደሚደርስህ ብቻ ነው፤ ምን ያኽል እንደሚደርስህ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አሁን እነዚያው ዐሥር ሰዎች 10,000 ብር ይዘው ከ100 25 በሚያስቀር ኬኖ ቢጫወቱበትና የተመለሰላቸውን ሁሉ መልሰው ቢመድቡ፥ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በአማካይ 7,500፥ ከሁለተኛው በኋላ 5,625፥ ከዐሥረኛው ዙር በኋላ 563 ብር ያኽል ይቀራቸዋል። ዕቁቡ በዐሥር ወር ዐሥር ሰዎችን ያቋቁማል፤ ኬኖው የዐሥሩን ገንዘብ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ሁለቱም ዕጣ ይባላሉ፤ ልዩነታቸው ግን በዕቁብ ዳኛውና ጸሓፊው ከአባላቱ መካከል ሲሆኑ፥ በኬኖ ዕጣ አውጪው ከእያንዳንዱ ዕጣ ድርሻውን አስቀድሞ የወሰደ መሆኑ ነው።

ጨዋታና መዝናናትም ለሰው ያስፈልጋል። ገበጣ በትግራይም ሆነ በሌላው አገራችን ከጥንት የኖረ ጨዋታ ነው፤ በገበጣ ጠጠሩን አስተውሎ የቆጠረ ያሸንፋል፤ የተሸነፈም በሚቀጥለው ቀን ጠንክሮ ይመጣል። በኬኖ ግን ዐሥር ዓመት የተጫወተና ዛሬ የጀመረ እኩል ናቸው፤ የሚማሩት ጥበብ የለም። ስለዚህ ማንም ሰው ለመዝናኛ ነው የሚል ከሆነ፥ ለቡና እንደሚያወጣው ያለ የማይመለስ ገንዘብ አስቀድሞ ወስኖ፥ ሲያልቅ እንዲነሣ እንመክረዋለን። ያጡትን ለማስመለስ መቀመጥ፥ ተበድሮ መመደብ፥ ለኪራይ፥ ለትምህርት ወይም ለመድኃኒት የተላከ ገንዘብ መንካት ግን ከመዝናናት ድንበር ውጭ ነው።

ወጣቶቻችንን ብቻ መውቀስም ፍርድ አይሆንም። በጦርነት ትምህርቱ የተቋረጠበት፥ ሥራ ፈልጎ ያጣ፥ ቀኑ የረዘመበት ወጣት በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ተስፋ የሚሸጥለት ሲያገኝ ቢገዛ አያስደንቅም። ተስፋውን የሚሸጠው ግን ዋጋውን ግልጥ አድርጎ ማሳየት ይገባዋል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. የውርርድ ቤቶችን እስከ መዝጋት የደረሰ እርምጃ ወስዶ ነበር፤ ነገር ግን ቤት ቢታሸግ በስልክ ያለው አብሮ አይታሸግም። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ቀላል ነገር አለ። የመድኃኒት ብልቃጥ ስለ አወሳሰዱና ስለ ጉዳቱ የሚናገር ጽሑፍ እንደሚለጠፍበት፥ በኬኖ ቲኬትና በስልኩ ገጽ ላይም የቤቱ ድርሻ ከ100 ስንት እንደ ሆነ፥ ሁሉንም የመያዝ ተስፋም በስንት አንድ እንደ ሆነ፥ በአማርኛ፥ በትግርኛና ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ ሁሉ በጎላ ፊደል ቢጻፍ መልካም ነው። ሒሳቡ እውነተኛ ከሆነ መጻፉ ማንንም አይጎዳም።

መምህራንም ይህን ለማስተማሪያ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የዕድል ሒሳብ በትምህርት ቤት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ በሳንቲምና በዛህራ ይመሰላል፤ በዚያ ፈንታ አንድ የኬኖ ሰንጠረዥ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ፥ ተማሪዎች ራሳቸው የቤቱን ድርሻ አውጥተው ቢያሳዩ፥ የአንድ ሰዓት ትምህርት የብዙ ዓመት ገንዘብ ያድናል። ወላጆችም በቁጣ ከመጀመር ይልቅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው «ልጄ፥ እስቲ ሰንጠረዡን አሳየኝ፤ ለአንዱ ቁጥር ስንት ይከፍላል?» ብለው ቢጠይቁ ይሻላል። ሦስት ካለ «ከአራት አንድ ለሚወጣ ነገር ሦስት ብቻ የሚከፍል ነጋዴ፥ አራተኛው ወዴት ገባ?» ማለት ይበቃል። ልጁ ብልህ ከሆነ መልሱን ራሱ ያገኘዋል፤ ራሱ ያገኘውን መልስ ደግሞ ማንም አያስረሳውም።